ዛሬ የሚታጠብ ጨርቅ የለም

ውድ እማማ ገበያነሽ፣

ከሁሉ በፊት የልጁን ልንገርዎት፤ የእሱን ሳይሰሙ የእኔ ሰላምታ ጆሮዎ እንደማይገባ አውቃለሁ። አሞጽ ደህና ነው። ሰሞኑን ተመዝኖ ጥሩ ጨምሯል። አንገቱ ሥር እጥፋት አውጥቷል፤ ሳጥበው ውሃ እየገባበት ያስቸግረኛል። አባቱ መኳንንት ከሥራ ሲመለስ ድምፁን ለይቶ ይስቃል። ይህን ስጽፍልዎት ጎኔ ተኝቶ በሕልሙ ይጠባል መሰለኝ፣ ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል።

እርስዎስ እንዴት ነዎት? ጉልበትዎ ከአጨዳው ጋር እንዴት ሆነ?

ደውዬ ብነግርዎት ደስ ባለኝ። ግን ስልክ ላይ እኔ ስጮህ እርስዎ ይብስ ይጮኻሉ፣ መጨረሻም ምን እንዳልኩ ሳይሰሙ "እሺ፣ እሺ፣ ልጁን ሳሚልኝ" ብለው ይዘጉታል። ስለዚህ ጻፍኩ። ተናኘ፣ የመኳንንት እህት የእኔም እህት፣ የምታነቢላቸው አንቺ ነሽና በደህናው ጆሯቸው በኩል ተቀመጪ። "ይበቃል" ቢሉሽ እሺ እንዳትያቸው፤ እስከ መጨረሻው አንብቢላቸው።

እማማ፣ ተቀይመው እንደሄዱ አውቃለሁ። መኳንንት "አልተቀየመችም፣ አጨዳው ደርሶባት ነው" ይለኛል፤ እኔ ግን ዕቃዎን ሲሸክፉ ፊትዎን አይቻለሁ። አርባ ቀኑ ሊሞላ ሲል "ክርስትና የሚነሳው መቼ ነው?" ብለው ጠየቁን። እኛ ደግሞ በእኛ እምነት ልጁ አድጎ፣ ራሱ አምኖ ነው የሚጠመቀው አልንዎት። አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። "ክርስትና ያልተነሳ ልጅ አያት ሆኜ አገሬ ምን ብዬ እገባለሁ?" ብለው ነጠላዎን አጣፉ። መናኸሪያ ድረስ የሸኘዎት መኳንንት ሲመለስ ዓይኑ ቀልቶ ነበር።

የሄዱ ቀን ልነግርዎት ፈልጌ አፌ ላይ የቀረ ነገር ነበር። ስለዚያች ጠዋት ነው፤ ስለ ጤና ጣቢያው። "እዚያው ነበርኩ፣ ምን ትነግሪኛለሽ?" ይሉ ይሆናል። እርስዎ ግን ያን ቀን ሲያዩ የነበረው ልጁን ነው። እኔ ደግሞ እርስዎን ሳይ ነበር።

ከመምጣትዎ ልጀምር። ልጁ በተወለደ ማግስት ነው። እናቴ ደሴ ላይ ከአባቴ አልጋ አጠገብ መለየት አልቻለችም፤ ከታመመ ወዲህ ውሃ እንኳ ከእሷ እጅ ካልሆነ አይቀበልም። መኳንንት ለእኔ ሳይነግር ለእርስዎ ልኮ ኖሯል። በሩ ሲከፈት፣ ሠርጌ ላይ ያልተገኙት አማቴ የገንፎ ዱቄት ተሸክመው፣ ቅቤ በቅል ይዘው ቆመዋል። ልነሳ ስሞክር በእጅዎ መለሱኝ። "ተኚ። እኔ የመጣሁት ላንቺ አይደለም፤ ለልጄ ልጅ ነው።"

ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩ። እርስዎ ዘንድ ልጅዎን ከቤተ ክርስቲያኑ ያስወጣሁት እኔ ነኝ። መኳንንት ጌታን የተቀበለው እኔን ከማወቁ በፊት፣ ፋብሪካ ገብቶ ኮምቦልቻ መኖር በጀመረ በዓመቱ ነው። ይህን ማንም አልነገረዎትም፤ እኔም ኩራት ይዞኝ አልነገርኩም።

እንዲህ ሆነን ነው አንድ ክፍል ውስጥ የገባነው። ያን ሁሉ ገንፎ ያገነፉልኝ፣ ወገቤን በቅቤ ያሹኝ፣ አንድም ጊዜ ፊቴን ሳያዩ ነው። እጅዎ ግን ይራራልኝ ነበር። ገርሞኝ ነበር።

ከዚያ በእንገሩ ተጣላን። ያ ቢጫው፣ ወፍራሙ ወተት ጠብ ጠብ ሲል አይተው ፊትዎን አጨማደዱ።

"ይሄ ለልጅ አይሆንም። አልበሽ አፍሺው። ነጩ እስኪመጣ በቅቤ አንጀቱን እናርሰው።"

"አዋላጇ አንዲት ጠብታ እንዳይባክን ብላኛለች። ከበሽታ የሚጠብቀው እሱ ነው። ቅቤም፣ ውሃም፣ ምንም አይቀምስም።"

"እኔ ይሄን ሁሉ ልጅ ያሳደግሁት በምን ይመስልሻል?"

"የእርስዎን እርስዎ አሳደጉ። ይሄ የእኔ ነው!"

ጆሮዎ ስለሚከብድ ድምፄን ከፍ አደረግኩ ብዬ ለመኳንንት አመካኝቻለሁ። እውነቱ ግን እንደዚያ አልነበረም፤ እርስዎም ያውቁታል። ከዚያ ወዲያ የምንነጋገረው በእሱ በኩል ሆነ። "ትብላ በላት" ይሉታል፤ "በላሁ በላቸው" እለዋለሁ። እሱ ምስኪን ከእኛ መካከል ወደ ፋብሪካው ጫጫታ ሲሄድ የሚያርፍ ይመስለኝ ነበር።

አሞጽ ደግሞ ያለቅሳል። ሳጠባው ያለቅሳል፣ ሳነሳው ያለቅሳል። ጡቴ ጫፉ ተሰነጣጥቆ፣ አፉን ከፍቶ ሲመጣ እግሬን አኮራምቼ ጥርሴን እነክሳለሁ። ጠያቂው ሁሉ የየራሱን ይል ነበር። አንዷ "ወተትሽ ቀጥኖ ነው"፣ ሌላዋ "ጡትሽ ትንሽ ስለሆነ አይበቃውም"፣ ሌላዋ "የዱቄት ወተት ገዝተሽ ለምን አትገላገይም?" ብለውኝ ሲወጡ ጡቴን በመስተዋት እያየሁ አለቅስ ነበር። ጠርሙስ ቢሆን ምን ያህል እንደ ጎደለ ይታያል። ጡት በምን ይታወቃል? ጠጣ ወይስ አልጠጣም? ጠገበ ወይስ ደከመው? እናት ሁሉ የሚያውቀው ነገር ለእኔ ብቻ ያልተነገረኝ ይመስለኝ ነበር። እርስዎን ልጠይቅ አስቤ ነበር እኮ። ግን ተኳርፈናል።

ከዚያ ልጁ ዝም አለ።

ደስ አለኝ እማማ! "ጠገበልኝ፣ ጌታ ሰማኝ" አልኩት ለመኳንንት። ጡት ሳስይዘው ጥቂት ሳብ ሳብ አድርጎ ዓይኑን ይከድናል፤ እኔም እንዳይነቃብኝ ትንፋሼን ውጬ አስተኛዋለሁ። ጎረቤታችን ብዙዬ መጥታ "ምነው ቤቱ ጸጥ አለ?" ስትል "ጨዋ ልጅ ሆነልኝ" አልኳት። እርስዎ ጥግ ተቀምጠው ነበር። አልሰሙም ብዬ ነበር።

እርስዎ ዳይፐር አይወዱም። "የልጅ ገላ በላስቲክ አይታፈንም" ብለው አሮጌ ነጠላዎን ቀደው ጨርቅ አበጁለት፤ ጠዋት ጠዋት ግቢ ውስጥ በሳፋ ያጥቡታል። በማግስቱ መኳንንት ሥራ ከሄደ በኋላ ባዶውን ሳፋ ይዘው በሩ ላይ ቆሙ። የሚያነጋግረን ሰው በመካከላችን አልነበረም።

"ዛሬ የሚታጠብ ጨርቅ የለም" አሉኝ።

አልገባኝም። "ታዲያ ይረፉ" አልኩ።

"ስሚኝ አንቺ ልጅ። ጨርቁ ሁሉ ደረቅ ነው። ከትናንት ጀምሮ ያገኘሁት አንዲት እርጥብ ናት፤ እሷም ቀይ ቀይ ብላለች። የጠጣ ልጅ ይሸናል።"

"ጠግቦ ተኝቷል እኮ።"

ሳፋውን ጥለው መጡ። መጠቅለያውን ገልጠው ውስጥ እግሩን በጣትዎ ነካ ነካ አደረጉት። ሌላ ቀን ቢሆን ግቢውን በጩኸት ይነቀንቀው ነበር። ያን ቀን ከንፈሩን ብቻ አነቃነቀና ተወው።

"ይሄ የጥጋብ እንቅልፍ አይደለም" አሉ። "ይሄን እንቅልፍ አውቀዋለሁ። ተነሽ!"

ብዙዬ ሮጣ ባጃጅ አመጣች። አራስ ፀሐይ አይመታትም ብለው ነጠላዎን በእኔ ላይ ጣሉ፤ እርስዎ በዚያ የኮምቦልቻ ፀሐይ ራስዎን ተገልጠው፣ ልጁን በደረትዎ ይዘው ገቡ። ባለባጃጁን "ቶሎ በል ልጄ፣ ቶሎ በል" እያሉ ጀርባውን ይደበድቡት ነበር።

ጤና ጣቢያው የክትባት ቀን ስለነበር አግዳሚው ሁሉ በእናቶች ሞልቷል። እርስዎ ወረፋ የሚባል ነገር አላዩም፤ ቀጥ ብለው ገቡ፣ ማንም አልከለከለዎት። ነርሷ ሲስተር ፋሲካ ራቁቱን ሚዛን ላይ አስቀመጠችው። ትኩሳቱን ለካች፣ የዓይኑን ነጭ አየች፣ ቆዳውን በሁለት ጣቷ ቆንጠጥ አድርጋ ለቀቀች፤ ከዚያ አልብሳ ለእርስዎ መለሰችልዎት።

"አዲስ የተወለደ ልጅ ሁሉ መጀመሪያ ትንሽ ይቀንሳል" አለችኝ፤ "ይሄ ግን ከሚገባው በላይ ቀንሷል። ከጡት ሌላ የቀመሰው ነገር አለ?"

"ምንም!" አልኩ በኩራት።

ተናኘ፣ እዚህ ላይ ጎረቤት ካለ ድምፅሽን ቀንሺ። እማማ፣ ይህን የምጽፈው ላሳፍርዎት አይደለም፤ እባክዎ እስከ መጨረሻው ይስሙኝ።

"ምን አለች?" ብለው ጠየቁኝ። የነርሷን ጥያቄ አልሰሙትም ነበር። እኔ መልሼ በጆሮዎ ነገርኩዎት። "አልሰጠሁም" ቢሉ የሚያውቅብዎት አልነበረም። እርስዎ ግን አንገትዎን ደፉና፣ "የስኳር ውሃ ሰጥቼዋለሁ" አሉ። "እሷ ገላዋን ስትታጠብ። ለቅሶው አላስችል ብሎኝ። ደጋግሜ ሰጥቼዋለሁ። ቅቤውን ግን እምቢ ስላለች አላቀመስኩትም።"

እውነቱን ልናገር፤ በዚያች ሰዓት ጠላሁዎት። ልጄን ከእጅዎ ነጠቅሁ። እርስዎም ሰጡኝ፤ ባዶ እጅዎን ቀሚስዎ ላይ አሳረፉ።

ሲስተር ፋሲካ ግን አልተቆጣችም። "እንኳን ነገሩኝ እማማ" አለች፤ ጮክ ብላ፣ እንዲሰሙ። "የዚህ ልጅ ሆድ ገና ትንሽዬ ናት። በስኳር ውሃ ከሞላች ጡት አያምረውም፤ ካልጠባ ደግሞ ወተቱ አይመጣም። ከእንግዲህ እንዳይደገም።" ወደ እኔ ዞራ "አንቺ ደግሞ ስታጠቢው አሳይኝ" አለች።

አሳየኋት። ገና ሳስይዘው አስቆመችኝ። "ጫፉን ብቻ ነው የሰጠሽው። ያቆሰለሽ ይሄ ነው፤ እሱም በዚህ አኳኋን ቀኑን ሙሉ ቢስብ አያገኝም። በስኳር ውሃው ብቻ የመጣ አይደለም።" ከዚያ ቁርጡን ነገረችን፦ "ከዚህ ሳይጠባ አትሄዱም። ቀና ካላለ ወደ ደሴ ሆስፒታል እልካችኋለሁ፤ ሌላ ወተትም ይሁን ሌላ ሕክምና እዚያ ሐኪም ይወስናል።"

ንጹሕ ሲኒ ሰጥታኝ በእጄ እንዳልብ አሳየችኝ። አግዳሚው ጫፍ ላይ ተቀምጬ አልባለሁ፤ እንባዬ ሲኒው ውስጥ እንዳይገባ ፊቴን አዞራለሁ። ያን ጊዜ ነው አጠገቤ መጥተው የተቀመጡት። ወደ ጆሮዬ ጎንበስ ብለው የሚያንሾካሽኩ መስሎዎት ነበር። እማማ፣ ክፍሉ ሁሉ ሰምቶዎታል። ይህን እስካሁን ማንም አልነገረዎትም።

"ከመኳንንት በፊት ሴት ልጅ ነበረችኝ" አሉኝ። "መጀመሪያ ታለቅስ ነበር፤ ከዚያ እንዲህ ዝም አለች። ሰው ሁሉ 'ጨዋ ልጅ ወለድሽ' አለኝ። እኔም ልጅ ነበርኩ፣ አመንኩ። ጨዋ ናት ብዬ ደጅ ፀሐይ እየሞቅሁ ዋልኩ። ስገባ ቀዝቅዛለች።" ቀሚስዎን ጉልበትዎ ላይ አስተካከሉ። "ክርስትና አልተነሳች። ፍትሐት የላት፣ ስም የላት። እናቴ 'ልጅ ነሽ፣ ገና ትወልጃለሽ' አለችኝ፤ ወለድኩም። ትናንት አንቺ ለብዙዬ 'ጨዋ ልጅ ሆነልኝ' ስትያት ሰማሁ። ልናገር ብል አኩርፈሽኛል፤ 'ደግሞ መጣች' ትይኛለሽ ብዬ ፈራሁሽ። ፈርቼሽ አደርኩ።"

የጠላሁዎት ያ ጥላቻ ከደቂቃ በፊት እዚያው ነበር፤ የት እንደገባ አላውቅም። እርስዎ ሲኒውን ከእጄ ወስደው "ነይ፣ አንቺ ደግፊው፣ እኔ ላጠጣው" አሉኝ። ቢጫ ነጭ የሆነችውን ወተት ከንፈሩ ላይ ጠጋ አደረጉለት። ምላሱን አወጣ። ቀመሳት። እርስዎ የናቁት ያ እንገር ገና አላለቀም ነበር፤ ጠብታ ሳይፈስ በእጅዎ አጠጡት።

ትንሽ ሲበረታ ሲስተር ፋሲካ ልብሱን አወለቀችለት፣ እግሩን አሸችው፣ ሆዱን ከሆዴ አጣበቀች። "አትቸኩይ። አፉን እንደሚያዛጋ ሰው እስኪከፍት ጠብቂ። አሁን!" ከጡቴ ብዙውን ይዞ ገባ፤ አገጩ ደረቴ ላይ ተለጠፈ። ይቆጠቁጠኛል ብዬ እግሬን አኮራመትኩ፤ እንደ ሌላው ቀን አላመመኝም።

"እየዋጠ ነው?" አሉኝ። "አልሰማም እኮ!"

ከዚያ ጣትዎን ከጆሮው ሥር፣ መንጋጋው የሚታጠፍበት ላይ በስሱ አስቀመጡ። ዓይንዎን ጨፈኑ። "ሳበ። ሳበ። ሳበ..." ረጅም ጊዜ ሆነብኝ። "ዋጠ!" አሉ። "ሳበ። ሳበ። ዋጠ!" እኔም ሰማሁት፤ ያቺን ቀጭን የጉሮሮ ድምፅ። ክትባት የሚጠብቁት እናቶች ከእርስዎ ጋር "ዋጠ!" ማለት ጀመሩ፤ አንዷ ሂጃብ ያደረገች ልጅ "አልሐምዱሊላህ" እያለች እኔን ታባብላለች፤ እኔ እያለቀስኩ እስቃለሁ። እርስዎ ብቻ አልሳቁም። ዓይንዎን ጨፍነው፣ ጣትዎን እዚያው አድርገው ቀሩ። የመጣሁት ላንቺ አይደለም ብለውኝ ነበር። ያን ቀን ከማን ጋር እንደ ነበሩ ገባኝ። ስም ከሌላት ልጅዎ ጋር ነበሩ። እሷም እየዋጠች ነበር።

ጡቴን በራሱ ጊዜ ለቀቀ። ሲስተር ፋሲካ "እጁን እዩት" አለች፤ ስንመጣ ጨብጦት የነበረው እጁ ተፈትቶ ተንጠልጥሏል። ጡቴም ቅድም የከበደኝ ቀልሎ ለስልሷል። "ጥጋብ እንዲህ ነው" አለችኝ። "ከእንግዲህ ደግሞ ጨርቁን እማማ ያዩልሻል። ጨርቁ በደንብ እየረጠበ፣ ሽንቱ እየነጣ፣ ዓይነ ምድሩ ከጥቁር ወደ ቢጫ ከዞረ እየበቃው ነው። ለጊዜው ብዙ ከተኛ ቀስቅሺው። ነገ አምጡልኝ፤ ከዚያ በፊት እንደ ዛሬው ካንቀላፋ ግን ነገን አትጠብቁ።"

ስንመለስ ባጃጅ ውስጥ የሆነውን ለተናኘ ነግረዋት ይሆን? ድንገት እልል ሲሉ ባለባጃጁ ደንግጦ መንገድ ዳር አቆመ።

"ምን ሆናችሁ?"

"ሸናብኝ!" አሉት። ቀሚስዎን ዘርግተው አሳዩት። ሰውየው ምን እንደሚል ግራ ገብቶት "እንኳን ደስ ያለዎት" አለ።

የዚያን ሳምንት የልብስ ገመዱ ሞላ። እየጮሁ "ይሄው ሌላ!" ይሉኛል ከግቢ። ማታ ማታ ሲነጫነጭ ወተቴ አለቀ ብዬ ስደናገጥ "ለቅሶ ሁሉ ረሃብ አይደለም፤ እቀፊው" ይሉኛል፤ እኔም ገመዱን አይቼ እረጋጋለሁ። ከዚያ ወዲያ መኳንንትን መልእክተኛ ማድረግ አላስፈለገንም።

አሁን ያልነገርኩዎትን ልንገርዎት። እምነቴን ልተው አልችልም፤ ልዋሽዎትም አልፈልግም። አሞጽን ክርስትና አናስነሳውም። ነገር ግን አርባው ሲደርስ የጠየቁን ጥያቄ ከየት እንደ መጣ አውቃለሁ፤ አውቄም ዝም ማለቴ ነው የሚቆጨኝ። ስም ሳትይዝ፣ ሰው ሳያያት የሄደች ልጅ አለችዎት። የልጅ ልጅዎ እንደዚያ በአገርዎ ሰው ሳይታይ እንዲያድግ አልፈቅድም። ከመኳንንት ጋር ተነጋግረናል። ጎረቤትዎን ይጥሩ፣ ዘመድ ይጥሩ፤ ታቅፈውት መካከላቸው ይቁሙና "ይሄ የእኔ ነው" ይበሉ። የነፍስ አባትዎ መጥተው ቢመርቁት እኔም ቆሜ አሜን እላለሁ። ምርቃት ከማንም አፍ ቢመጣ ለልጄ አልሰስትም። ያቺንም ልጅ ስም ያውጡላት እማማ። እኔ እንኳ በጸሎቴ ስጠራት "የእማማ ልጅ" እያልኩ ተቸግሬአለሁ።

መንገዱ ክፍት ከሆነ ቅዳሜ ጠዋት እንነሳለን። የሐረጎን ዳገት ወጥተን ደሴ ላይ እናቴና አባቴን እናያለን፤ ከዚያ ወደ እርስዎ፣ ወደ ኩታበር። ቤትዎን አላውቀውም፤ ገብቼበት አላውቅም። ልጁ መንገድ ላይ መራቡ አይቀርም፤ እያለቀሰ ነው የምንደርሰው። ስለዚህ ሰላምታው ይቆየን። ከደጅ ገብቼ ያገኘሁት መደብ ላይ ቁጭ ብዬ አጠባዋለሁ።

የምታጠባ ሴት ደግሞ ከተቀመጠችበት ተነሽ አትባልም።

የእርስዎ ምራት፣
ጽናት
ከኮምቦልቻ